አደራ የሰጠ ይጠይቃል፤ አደራ የተቀበለም ይመልሳል

ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት በላከ ጊዜ ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠውን ሀብት በሌላ ሰው እጅ አኖረ ማለት ነው። ላሙን ለእረኛ የሰጠ ሰው ቀንዷ ተሰብራ ብትመለስ እረኛውን ይጠይቃል፤ ገንዘቡን በሰው ዘንድ ያስቀመጠም ሒሳቡን ይመረምራል፤ በዚህም ማንም አይነቅፈውም። ልጁን አደራ የሰጠ ሰው ግን «ልጄ ስለ ምን አልቅሶ መጣ? ስለ ምንስ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ብዙ ጊዜ እንደ ደፋርና እንደ ትምህርት ጠላት ይቈጠራል። ይህ ነገር የተገለበጠ ስለ ሆነ ዛሬ ባለሥልጣኖቻችንና ካህናቶቻችን እንዲያስቡበት ልናቀርበው ወደድን።

ነገሩን ከሩቅ እንዳናየው ዓይናችንን በአሰላና በአርሲ ደጋ ላይ እናድርግ። ከኢተያ አንሥቶ በአሰላና በሳጉሬ አልፎ እስከ በቆጂ ድረስ ባለው አገር የጭላሎና የካካ ተራራ ብርድ በማለዳ ይወርዳል፤ በክረምት መውጫም ጭቃው እግር ይይዛል። በገጠሩ ያሉት ልጆች ከብት አውጥተው፣ ውሃ ቀድተው፣ በመከር ጊዜም ገብስና ስንዴ ሲሰበስቡ ውለው ነው ደብተራቸውን የሚያነሡ። ከአሰላ አጠገብ ያደገው አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበረና፣ በሚሮጥበት ጊዜ ግራ እጁን ደብተር እንደ ያዘ ሰው አጥፎ መያዙ ከዚያ የቀረ ልማድ እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ይህን ስንሰማ በደስታ እናወራዋለን። ነገር ግን ያን ያህል መንገድ መጥቶ ደወል ካለፈ በኋላ የደረሰ ሌላ ልጅ በደጅ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ልንጠይቅ ይገባናል። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው መምህር ይጠብቀዋልን? ወይስ አርጩሜ?

በቅድሚያ ቅጣትንና በደልን መለየት ያስፈልጋል። ተማሪ ሥርዓት ሊማር ይገባዋል፤ የሚያጠፋም ልጅ ሊመከርና ሊታረም ይገባዋል፤ በዚህ የሚከራከር አስተዋይ ሰው የለም። በደል የምንለው ግን ሌላ ነው። ይኸውም መምህሩ በእጁ ያለውን ሥልጣን ልጁን ለማሳነስ ሲያውለው ነው። በአርጩሜ መምታት፣ ጆሮ መቈንጠጥ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በጓደኞቹ ፊት «ደደብ» ብሎ መጥራት፣ በተቀደደ ልብሱ ወይም በወላጆቹ ድህነት መሣቅ፣ ያንድን ልጅ ስም ለመሣቂያ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ በደሎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ የቃሉ በደል ምልክት በሰውነት ላይ ስለማይተው ለመጠየቅ የበለጠ ያስቸግራል። ቀድሞ ጊዜ በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ የአርሲ ልጆች ትምህርቱን በአማርኛ ብቻ ይቀበሉ በነበረበት ዘመን በአነጋገራቸው ይዘበትባቸው እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ በአገሩ የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ ያ ምክንያት ቀርቷል፤ መዘባበት ግን ምክንያቱን ለወጠ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብንል ሥሩ የቈየ ነው። አባቶቻችን ልጃቸውን ለየኔታ ሲሰጡ «ከዓይኑ በቀር ሌላው ያንተ ነው» ይሉ ነበር። ይህም ቃል በመምህሩ ላይ የነበራቸውን ታላቅ እምነት ያሳያል። የኔታም ልጁን በመንደሩ መካከል፣ በወላጆቹ ዓይን ሥር ያስተምረው ስለ ነበረ፣ ቢያጠፋ የሚገሥጸው ደብርና ሽማግሌ በአጠገቡ ነበረ። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው በዚያው ቃል ውስጥ እንኳ ወሰን አለበት፤ «ከዓይኑ በቀር» ያለ አባት ዓይኑ ቢጠፋ ሊጠይቅ መብቱን ጠብቋል። የዛሬው አባት ደግሞ ከዓይኑ ጋር ክብሩንና ልቡንም ጨምሮ ቢጠብቅ ምን ነውር አለበት? ወሰኑ ሰፋ እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

በትርን ለሚያመሰግኑ ሰዎች መጽሐፈ ምሳሌ ዘወትር ይጠቀስላቸዋል። እውነት ነው፤ ጠቢቡ ልጅን ስለ መቅጣት ተናግሯል። ነገር ግን ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት መጽሐፍን ከፊሉን አንሥቶ ከፊሉን መተው አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ልባቸውን እንዳይሰብሩ አዝዟል፤ ይህን ለወለደ አባት ካዘዘ ላልወለደ መምህር ምን ያህል ይጠነክር ይሆን? ሐዋርያው ያዕቆብም ብዙዎች መምህራን ለመሆን እንዳይሽቀዳደሙ ሲመክር ምክንያቱ የመምህር ፍርድ የሚከብድ ስለ ሆነ ነው። ጌታችንም ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚጠብቀው የተናገረው ለካህናት አዲስ ነገር አይደለም። የእረኛም በትር ጅቡን ለማባረርና መንገድ ለማሳየት ነው እንጂ የግልገሉን እግር ለመስበር አልተሰጠም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሰት ልጅን ዘወትር በመምታት እንዳያስለምዱት አስጠንቅቋል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ በትርን የለመደ ልጅ ይንቀዋል ብሏል። ይህ ከ1600 ዓመት በፊት የተነገረ ምክር ነውና፣ ስለ ልጅ ክብር የሚነገረውን ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች ሊያስቡት ይገባል።

ወደ አገራችን ሕግ ብንመለስ የምናገኘው ግልጽ ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ አካልን ከሚጐዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሕፃናት መብት ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥርዓት ከልጁ ሰብኣዊ ክብር ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም ተመሳሳይ ቃል አለው። እንግዲህ ልጁ ስለ ተመታ የሚጠይቅ ወላጅ የአገሩን ከፍተኛ ሕግ ይዞ የቆመ ሰው ነው እንጂ ሥርዓት አፍራሽ አይደለም።

ሆኖም ከሕገ መንግሥቱ በታች ባሉት ሕጎች ላይ አንድ ክፍተት መኖሩን ሳንሰውር መናገር አለብን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2039 አንድ ሰው ልጁን ወይም ተማሪውን በመጠኑ በአካል ቢቀጣ ጥፋት እንደማይሆን ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 576 በአደራ የያዘውን ሕፃን የሚበድለውንና የሚመታውን ሰው ይቀጣና፣ ወዲያው ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ውጭ ያልሆነ የሥነ ሥርዓት እርምጃን ከቅጣቱ ያወጣል። «በመጠኑ» የተባለው ምን ያህል ነው? መጠኑንስ የሚለካው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚለካው የመታው ሰው ራሱ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ከርሱ ጋር የማይስማማ ሕግና ልማዳዊ አሠራር ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ስለሚያዝዝ ክርክሩ በመርሕ ደረጃ ያለቀ ነው፤ ነገር ግን ከአሰላ ርቆ የሚኖር ገበሬ አንቀጽ ከአንቀጽ አስተያይቶ እስኪከራከር ድረስ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የሕግ አውጪዎቻችን ተግባር ይህን ቀዳዳ መድፈን ነው።

ሕግ መኖሩና ሕግ መፈጸሙ ሁለት ነገር መሆኑን ከምርመራ እናያለን። የዩኒሴፍ የምርምር ክፍል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት የ8 ዓመት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከ4ቱ 3ቱ ያህሉ ባለፈው ሳምንት ብቻ መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል ብለው መልሰዋል። ይህ የሆነው ሕገ መንግሥቱ ከጸና ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ጕድለቱ የቃል አይደለም፤ የጠያቂና የተጠያቂ ጕድለት ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን ወላጅን መጥራት አልጠፋቸውም። ተማሪ ባጠፋ ጊዜ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፤ ገበሬውም እርሻውን አቁሞ፣ እናቲቱም የገበያ ቀኗን ትታ ትመጣለች፤ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆማ የልጇን ጥፋት ሰምታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ፈርማ ትሄዳለች። መዋጮ በተፈለገ ጊዜም እንዲሁ ወላጅ ይጠራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መምህር ባጠፋ ጊዜ ልጁ ማንን ያምጣ? ሳይጠራ የመጣ ወላጅስ ማን ያነጋግረዋል?

እንበልና አንዲት እናት ልጇ በበትር ቈስሎ ስለ ተመለሰ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ብትመጣ በመጀመሪያ የምታገኘው ርእሰ መምህሩን ነው። ርእሰ መምህሩም የተከሳሹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ስም ላይ ነቀፋ እንዲመጣም አይፈልግም፤ ስለዚህ «እናነጋግረዋለን» ብሎ ይሸኛታል። ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብትሄድ ማስረጃ አምጪ ትባላለች፤ ማስረጃዎቿም በዚያው መምህር እጅ ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ የምትፈራው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ልጇ ነገ ተመልሶ በዚያው ክፍል መቀመጡና ውጤቱን የሚሰጠው ያው ሰው መሆኑ ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ይመረጥ ይሆናል፤ በደጋው ቀበሌ ግን ያለው ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጅ ዝምታን ይመርጣል፤ ዝም ያለበትም ምክንያት ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ ስለሚወደው ነው።

ወይም ነገሩ በሽማግሌ ይያዛል። ሽምግልና የአገራችን ጌጥ ነው፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ቂምን ያበርዳል። ነገር ግን ሽምግልና የሚስማማው ሁለቱ ወገኖች በተመጣጠነ ኃይል ለቆሙበት ነገር ነው። የ9 ዓመት ልጅና መምህሩ እኩል አይደሉም። ዕርቁም በጽሑፍ ስለማይቀመጥ፣ ያው ሰው በሚመጣው ዓመት ሌላውን ልጅ ቢበድል እንደ መጀመሪያ ጥፋት ይቈጠርለታል፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወርም የቀድሞው ነገር አይከተለውም። እንዲህ ያለው ዕርቅ ለአዋቂዎቹ ሰላም ሲሰጥ ለልጆቹ ምንም አይሰጥም።

በዚሁ በአርሲ አገር ግን ጥያቄ ያለ ጠብ እንዴት እንደሚቀርብ የሚያሳይ የቈየ ሥርዓት አለ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የሚባል በትር እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣለች። ይህ በትር የሴት ክብር ምልክት ነው እንጂ መምቻ አይደለም። አንዲት ሴት በተበደለች ጊዜ ሌሎቹ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ወደ በዳዩም ደጅ ይሄዳሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ ድረስም በቀላሉ አይመለሱም። ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ተበዳይ ብቻውን አይቆምም። ሁለተኛው፣ ነገሩ በአደባባይ ይታያል እንጂ በጓዳ አይታፈንም። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ በትምህርት ቤት ደጅ ላይ ሲደርስ ስለ ምን ብቻውን ይቆማል?

በሌላም አገር ቢሆን የትምህርት ቤት በትር የወደቀው መንግሥት በገዛ ፈቃዱ ስለ ጣለው ብቻ አይደለም፤ ወላጆች ስለ ጠየቁም ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በስኮትላንድ አንድ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ በተከለከለ የመቃብር ስፍራ በኩል አቋርጦ ለመሄድ ስለ ሞከረ በጠፍር እንዲገረፍ ተወሰነበት። ልጁ አልገረፍም አለ፤ ወላጆቹም ደገፉት፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ታገደ። እናቱና፣ ልጄ አይገረፍም የሚል ተስፋ ከትምህርት ባለሥልጣኖች ጠይቃ የተከለከለች ሌላ እናት ጉዳያቸውን እስከ ኤውሮፓ የሰብኣዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱ፤ ፍርድ ቤቱም በ1982 የወላጆቹ እምነት ሊከበር ይገባ ነበር፤ የታገደውም ልጅ የመማር መብቱ ተጥሷል ሲል ፈረደ። ከዚህም በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ በ1986 ባወጣው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መግረፍ ቀረ። ጐረቤታችን ኬንያም በ2001 በትምህርት ቤቶቿ የበትርን ቅጣት ከልክላለች። ለአርሲ እንግዳ ያልሆነችው ስዊድንም፣ ማለት በ1967 በአሰላ የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያቋቋመችው አገር፣ በ1979 በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ልጅን መምታት በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ከርሷ የስንዴና የወተት ላም አያያዝን ከተማርን ይህንንም ብናይ አይጐዳንም።

አሁን ደግሞ ወደ መምህሩ እንመለስ፤ ያለ እርሱ ፍርዱ ሙሉ አይሆንምና። መምህር በጠባብ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዞ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ ብዙ ጊዜም ከዘመዶቹ ርቆ የሚሠራ ሰው ነው። እርሱም በልጅነቱ በበትር የተማረ ስለ ሆነ ሌላ መንገድ አላየ ይሆናል። በሐሰት የሚከሰስም አይጠፋም። ስለዚህ የምንጠይቀው መምህር ሳይሰማ እንዲፈረድበት አይደለም፤ ወላጅም በንዴት ወደ ክፍል ገብቶ እንዲሳደብ ወይም እጁን እንዲያነሣ ፈጽሞ አንፈቅድም። የምንጠይቀው ክሱ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት ልጁን ብቻ ሳይሆን ንጹሑን መምህር ደግሞ ከሐሜት ያድነዋል።

በትር ከሌለ ተማሪ አይሰለጥንም የሚል ሰው ቢኖር ወደ በቆጂ ይሂድ። በዚያች ትንሽ የደጋ ከተማ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በትምህርት ቤት ያሉትን ልጆች አሯሯጥ በዓይኑ እየመረመረ፣ ተስፋ ያላቸውን እየለየ፣ በማለዳ እያሠለጠነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉትን አፍርቷል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ከእያንዳንዱ ልጅ ውስጥ ምን እንዳለ አይቶ ማውጣት የመምህር ሥራ ነው። ልጅን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ግን ያለውንም ይቀብረዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብንባል አሳባችን ይህ ነው። በየትምህርት ቤቱ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት አለ፤ ይህ ኅብረት መዋጮ ለመሰብሰብና አጥር ለማሳጠር ብቻ እንዳይውል፣ የወላጅን አቤቱታ የሚሰማ ክፍል ይኑረው፤ በዚህም ክፍል የተከሰሰው መምህርና ርእሰ መምህሩ ዳኛ ሆነው አይቀመጡ። የአቤቱታ መዝገብ ይከፈት፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቈረጥ፤ ቀኑ ካለፈም ነገሩ ያለ ሌላ ማመልከቻ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለፍ። አቤት ያለ ወላጅ ልጅ ፈተና በሌላ መምህር እንዲታረም ወይም ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር ይደረግ፤ ይህ ካልሆነ ፍርሃት የሁሉን አፍ ይዘጋልና። በጕድኝት ማዕከል የሚዞሩት ሱፐርቫይዘሮች የትምህርት እቅድ ብቻ ሳይሆን ይህንም መዝገብ ይመርምሩ። በየደረጃው መልስ ያጣ ወላጅም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ ተቋቋሙት ወደ ሰብኣዊ መብት ኮሚሽንና ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት እንደሚችል በትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍለት። የመምህራን ኮሌጆችም ክፍልን ያለ በትር የመያዝን ብልሃት በቃል ሳይሆን በልምምድ ያስተምሩ።

ካህናትም ታላቅ ድርሻ አላቸው። የንስሐ አባት ወደ ቤት ሲገባ ለአዋቂው የማይነገረውን ይሰማል፤ የልጁንም ዝምታ ያያል። በዐውደ ምሕረት ላይ ወላጅ ልጁን እንዲቀጣ እንደሚመከር ሁሉ፣ መምህር የተሰጠውን አደራ እንዲያከብርም ይመከር። ባለሥልጣኖችም የመምህርን ክብር የሚጠብቁት ጥፋቱን በመሸፈን እንዳልሆነ ይወቁት። አንድ ጥፋተኛ ሲሸፈን፣ በቅንነት የሚደክሙት ብዙዎቹ መምህራን ሁሉ በርሱ ጥፋት ይታማሉ።

ወላጅ ስለ ልጁ ቢጠይቅ ትምህርት ቤቱን ማመኑን ያሳያል፤ ያላመነ ሰው ልጁን ይዞ ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ ነገ በማለዳ አንዲት እናት ከደጋው ወርዳ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ሳትጠራ በርእሰ መምህሩ ደጅ ብትቆም፣ ወንበር ይሰጣት፤ ቃሏም ይጻፍ፤ መልሷንም የምትቀበልበት ቀን ይነገራት። አደራ የተቀበለ ሰው ይህን ማድረግ ግዴታው ነው።